እሳት ከመንካቱ በፊት፤ ባለቀለም ድንጋይ ያለባቸው የአምስት ጌጦች ጥገና

ነሐሴ 5፣ ርክክብ

ሥራው ፒያሳ ውስጥ ባለ አንድ ወርቅ ቤት ጀርባ የሚካሄድ ነው። ጌጦቹ የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ለእንቁጣጣሽ ይፈለጋሉ።

ከኦፓሉ በቀር ደረሰኙ ላይ የድንጋይ ስም አልተጻፈም፤ ቀለም፣ ቅርጽና ልክ ብቻ ነው የሰፈረው። ባለቤቷ «የእናቴ ሩቢ» ስላሉ ብቻ «ሩቢ» ብሎ ፈርሞ የተቀበለ ሰው፣ ከሳምንት በኋላ «ሰው ሠራሽ ነው» ቢል ድንጋዩን ቀየረው ከመባል አይድንም። የገባው ይህ ነው፦

ሀ. 21 ካራት የወርቅ ቀለበት። ቀይ ሞላላ ድንጋይ፣ 9.3 × 7.4 ሚ.ሜ። ስድስት ጥፍር፤ አንዱ ተሰብሯል፣ ሁለቱ ጫፋቸው ተበልቷል።
ለ. 18 ካራት ጥንድ የጆሮ ጌጥ። ውሃ ሰማያዊ ሞላላ ድንጋዮች፣ 8 × 6 ሚ.ሜ፣ ዙሪያቸውን በወርቅ ክፈፍ የተያዙ። የቀኙ ዘንግ ተነቅሏል፤ የግራው ክፈፍ ላልቷል።
ሐ. የብር ማንጠልጠያ፣ 14 × 10 ሚ.ሜ ኦፓል። ክፈፉ ብየዳው ላይ ተሰንጥቋል፤ ድንጋዩ ደፍርሷል።
መ. 18 ካራት ቀለበት። አረንጓዴ ባለአራት ማዕዘን ድንጋይ፣ 7 × 5 ሚ.ሜ። ከ18.1 ወደ 16.5 ሚ.ሜ የውስጥ ስፋት ይጥበብ ተብሏል።
ሠ. የወርቅ አምባር፣ ጥቁር ቀይ ባለ 3 ሚ.ሜ ክብ ድንጋዮች። አንድ ድንጋይ ጎድሏል።

እያንዳንዱ ከላይ፣ ከጎንና ከሥር ፎቶ ተነሣ። በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር የታዩ ስንጥቆችና የተፈረከሱ ጠርዞች ካርድ ላይ ተሥለው ባለቤቷ እዚያው ፈረሙበት። ይህ አሥር ደቂቃ ይወስዳል፤ ብዙ ጭቅጭቅ ግን ያስቀራል።

ከኦፓሉ በቀር ሁሉም ለብ ባለ ውሃ፣ በጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ታጠቡ። ጨርቅ በተነጠፈበት ሳህን ውስጥ እንጂ ቧንቧ ሥር አይደለም። በድምፅ ሞገድ የሚያጥበው አልትራሶኒክ ማጠቢያ ምን እንደያዝን እስኪታወቅ ድረስ አይነካም፤ ስንጥቁ በዘይት የተሞላ ድንጋይ ዘይቱን እዚያ ውስጥ ያጣል፣ የተሰነጠቀውም ሊብስበት ይችላል።

ነሐሴ 6፣ ቀዩ ቀለበት

መጀመሪያ የማይሠሩትን ነገሮች ገለል እናድርግ። ብርጭቆ መቧጨር ምንም አይነግርም፤ ኳርትዝም፣ ጋርኔትም፣ ሰው ሠራሽ ሩቢም ብርጭቆ ይቧጭራሉ። ወርቅ ቤት የማይታጣው የዳይመንድ መፈተሻ ብዕር የተሠራው ለዳይመንድ ነው፤ ለባለቀለም ድንጋይ ብዙም አይረዳም። በሞረድ ጠርዝ መሞከር የሚባለውማ ድንጋዩን ከማበላሸት ሌላ ጥቅም የለውም።

የድንጋዩ የላይኛው ጠፍጣፋ ገጽ ከጥፍሮቹ ከፍ ስለሚል ሪፍራክቶሜትሩ (ብርሃን ድንጋይ ውስጥ ሲገባ ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚለካ መሣሪያ) ላይ ሳይነቀል ተቀመጠ። የመገናኛ ፈሳሹ ትንሽ ጠብታ፣ ከመርፌ ጭንቅላት ያልበለጠች፤ ከበዛ ድንጋዩ ይንሳፈፋል፣ ጥላውም ይደበዝዛል። ንባቡ 1.762 እና 1.770፣ ድርብ (ሁለት መስመር)። ይህ የኮረንደም፣ ማለትም የሩቢና የሰንፔር ልክ ነው። ሩቢ የሚመስለው ሌላው ድንጋይ፣ ቀይ ስፒኔል ቢሆን 1.718 አካባቢ ነጠላ ንባብ ይሰጥ ነበር። መብራት ሲጠፋ ቢጫ ባትሪ በቂ ነው።

ግን ሪፍራክቶሜትር የተፈጥሮንና ሰው ሠራሽን ሩቢ አይለይም። ሁለቱ በኬሚካል አንድ ናቸው። ፈረንሳዊው ኦጉስት ቬርኑይ በ1902 (እ.ኤ.አ.) ይፋ ያደረገው ዘዴ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄትን በነበልባል አቅልጦ ጠብታ በጠብታ ያሳድጋል። ድንጋዩ የሚያድገው እየጎበጠ በሚሄድ አናት ላይ ስለሆነ በውስጡ የታጠፉ መስመሮች ይቀራሉ። የተፈጥሮ ኮረንደም መስመሮች ግን ቀጥ ያሉ ናቸው፤ በ60 ወይም በ120 ዲግሪ ይገናኛሉ። ስለዚህ የሚፈለገው የመስመሩ ቅርጽ ነው።

የተሰበረው ጥፍር ድንጋዩን ሊጥለው ስለተቃረበ ድንጋዩ መጀመሪያ ተነቀለ። ከፋርማሲ በተገዛ ግሊሰሪን ውስጥ ተነክሮ፣ ከሥሩ ነጭ ወረቀት ተደርጎ፣ በደብዛዛ ብርሃን ቀስ እያለ ተገላበጠ። በላይኛው ገጽ በኩል ምንም አልታየም። በጎን ሲዞር ግን እንደ ሸክላ ዘፈን ጭረት የተጠጋጉ የታጠፉ መስመሮች ወጡ፤ ከእነሱም አጠገብ ሁለት ክብ የአየር አረፋዎች። አብቅቷል፤ ሰው ሠራሽ ነው። የአልትራቫዮሌት ባትሪ ሲበራበት እንደ ፍም መቅላቱ ግምቱን ያጠናክራል፤ ለብቻው ግን ማስረጃ አይሆንም፣ ብረት ያነሰበት የተፈጥሮ ሩቢም በደንብ ያበራልና።

ድንጋዩ ወጥቶ ስለነበር በውሃ ሚዛንም ተረጋገጠ። በአየር 0.612 ግራም (3.06 ካራት)፣ ውሃ ውስጥ 0.459። ልዩነቱ 0.153፤ 0.612 ሲካፈል ለ0.153 በትክክል 4.00፤ የኮረንደም እፍግታ (ከውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት) ይኸው ነው። ውሃው አስቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ ነው፤ አንድ ጠብታ ሳሙና ገብቶበታል፣ አረፋ ድንጋዩ ላይ እንዳይለጠፍ። ለትንሽ ድንጋይ ይህን ዘዴ አትመኑ። 0.2 ግራም የሚመዝን ኮረንደም ውሃ ውስጥ የሚያጣው 0.05 ግራም ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ የ0.002 ስህተት ውጤቱን ከ3.85 እስከ 4.17 ያወዛውዘዋል።

አንድ ተጨማሪ ነገር ሳይታይ አልታለፈም፤ እርሳስ ባለው ብርጭቆ የተሞላ ሩቢ። ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ገበያውን ያጥለቀለቀው ይኸኛው ነው። ድንጋዩ ሲነቃነቅ ከስንጥቁ ውስጥ ሰማያዊ ወይም ብርቱካንማ ብልጭታ ይወጣል፤ በስንጥቁም ውስጥ ጠፍጣፋ አረፋ አለ። እንዲህ ያለው ቢገኝ ለወርቅ ማጽጃ የሚሆነው አሲድ መሙያውን ይበላዋል፤ የሎሚ ጭማቂ እንኳ ያበላሸዋል። እዚህ የለም።

ነሐሴ 7፣ የጥፍሩ ሥራ

ሩቢ እሳት ይችላል የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ሙቀቱን ይችላል፤ ለብየዳ የሚቀባውን ቦራክስ ግን አይችልም። የቀለጠ ቦራክስ የኮረንደምን ገጽ ይበላና እንደገና መወልወል ያስፈልጋል። ድንጋዩ ሳይወጣ የተበየደ ቀለበት ላይ የሚታየው ነጭ ጭጋግ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ የተሠራው ድንጋዩ ወጥቶ ነው።

የተሰበረው ጥፍር እስከ ጉቶው ተሞርዶ ጠፍጣፋ ሆነ። 1.0 ሚ.ሜ የ21 ካራት ሽቦ ተቆረጠ፣ ከሚያስፈልገው 2 ሚ.ሜ አስረዝመን፤ ኋላ መቁረጥ ይቻላል፣ መቀጠል ግን የለም። ሁለቱ የተበሉት ጥፍሮች ጫፋቸው ላይ ትንሽ የወርቅ ኳስ ተበይዶ ከፍ ተደረገ። ቦራክስ በውሃ ተለቅልቆ በቀጭን ብሩሽ ተቀባ፤ መበየጃው ወርቅ የሰሊጥ ፍሬ ግማሽ እስኪያክል ተቆረጠ። ከሰል ላይ ነበልባሉ በመጀመሪያ የቀለበቱን ክብ በሙሉ አሞቀ፣ ከዚያ ወደ ጥፍሩ ተጠጋ። መበየጃ ወርቅ የሚሮጠው ወደ ሞቀው ቦታ ነው፤ ቀጭኑን ሽቦ ቀድሞ ያሞቀ ሰው መበየጃው ሽቦው ላይ ወጥቶ ሥሩ ባዶ ሲቀር ያየዋል።

ለማጽዳት የተቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ፣ 1 እጅ አሲድ ለ10 እጅ ውሃ። አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል፤ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም፣ ይፈነጠራል። የብረት መቆንጠጫ አይገባም፤ ከገባ በአሲዱ ውስጥ ያለው መዳብ ወርቁ ላይ ይለጠፍና ያቀላዋል። የመዳብ ወይም የፕላስቲክ መቆንጠጫ ይሁን። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በገባበት ውሃ ተለቅልቆ ወጣ።

የድንጋዩ መቀመጫ በጥፍሩ ውስጥ ሲሰረሰር ጥልቀቱ ከሽቦው ውፍረት አንድ ሦስተኛ አለፈ ማለት ነገ የሚሰበር ጥፍር ተሠራ ማለት ነው። የመጀመሪያውም የተሰበረው እዚሁ ነበር፤ መቀመጫው ከግማሽ በላይ ተበልቷል። ድንጋዩ ከተቀመጠ በኋላ ጥፍሮቹ በተቃራኒ ጥንድ ጥንድ ተገፉ፤ አንዱ፣ ከዚያ ትይዩው። ጫፎቹ ክብ ተደርገው በብርጭቆ ወረቀት 600፣ ከዚያ 1200 ለሰለሱ። መጨረሻ ላይ የጥጥ ጨርቅ ፈትል በየጥፍሩ ተጎተተ፤ ካልያዘ ልብስም አይይዝም።

ለባለቤቷ የሚነገረው፦ «እትዬ፣ ድንጋዩ ሩቢ ነው፣ ግን በፋብሪካ ያደገ። ወርቁ ድሮ የተሠራ እውነተኛ 21 ነው።» ሐሰተኛ የሚለው ቃል አይገባውም፤ ብርጭቆ ሐሰተኛ ነው፣ ይህ አይደለም።

ነሐሴ 8፣ የጆሮ ጌጦቹ

ሁለቱን ጎን ለጎን መስኮት ዳር ስናቀርባቸው ቀለማቸው አንድ ነው። የሱቅ መብራት ሥር ግን የቀኙ ትንሽ ይደምቃል። የግራው ንባብ 1.61 እና 1.62፣ ድርብ፤ ቶፓዝ። የቀኙ 1.728፣ ነጠላ፤ ሰው ሠራሽ ስፒኔል። በቼልሲ ማጣሪያ (ድንጋይ ለመለየት የሚያገለግል ባለቀለም መስታወት) ሲታይ የቀኙ ቀላ፣ የግራው አልቀላም። ኮባልት ነው ያቀለመው። ጥንዱ አንዴ ድንጋይ ጠፍቶበት በሚመስል ተተክቷል ማለት ነው።

በእጅ ክብደት ይህን መለየት አይታሰብም፤ ቶፓዝ 3.53፣ ሰው ሠራሽ ስፒኔል 3.64 እፍግታ አላቸው።

ይህ ግኝት ጥገናውን ለወጠው። የተነቀለው ዘንግ ያለው በቀኙ ላይ ነው፤ ዘንግ ደግሞ ያለ እሳት አይበየድም። ባለቤቷ ሁለቱ እንዲመሳሰሉ ስለፈለጉ ስፒኔሉ ይወጣል፣ ባዶው ክፈፍ ይበየዳል፣ ከዚያ 8 × 6 ሰማያዊ ቶፓዝ ይገባል። ሰማያዊ ቶፓዝ ርካሽ ነው፤ ከጉልበቱ ዋጋ ያነሰ ይሆናል። ዘንጉ 0.9 ሚ.ሜ ሽቦ፣ ሥሩ ትንሽ ጉድጓድ ተሰርስሮለት ገብቶ ተበየደ፤ ላዩ ላይ ብቻ የተለጠፈ ዘንግ ነው ደጋግሞ የሚነቀለው።

የግራውን ክፈፍ ያለ እሳት ነው ያጠበቅነው። ቶፓዝ በአንድ አቅጣጫ በቀላሉ የሚሰነጠቅበት ንጣፍ አለው፤ ድንገተኛ ሙቀትም ሆነ አንድ ጎን ላይ ያረፈ ጫና ይከፍለዋል። ብርቱ ሙቀት ሰማያዊውን ቀለም ሊያጠፋም ይችላል። ክፈፉ በለሰለሰ መግፊያ ብረት በአራት ነጥብ ተገፋ፤ ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፤ ከዚያ በመካከሎቹ። ዙሪያውን በአንድ አቅጣጫ መጫን ክፈፉን ያጨማድደዋል፣ ድንጋዩንም ያዘንበለዋል።

የአምባሩ ቀይ ድንጋዮች ፈጣን ነበሩ። አምባሩ በውሃ ላይ በሚንሳፈፍ ስፖንጅ ላይ ተቀመጠ፤ ኒዮዲሚየም ማግኔት ሲጠጋ ስፖንጁ ተከተለ። ወርቅ አይሳብም፣ ሩቢም አይሳብም፤ ብረት የበዛበት ጋርኔት ግን ይሳባል። ንባቡ 1.78። የጎደለው ቦታ 3.0 ሚ.ሜ ጋርኔት ይገባበታል።

ነሐሴ 9፣ ኦፓሉ

ሪፍራክቶሜትር የለም፣ የውሃ ሚዛን የለም፣ ግሊሰሪን የለም። የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል፤ የመገናኛ ፈሳሹንም ይጠጣል፣ ያ ደግሞ አይወጣም። ከደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ከተገኘ ወዲህ በቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ ሱቆች በየመስታወቱ ሥር የምናየው አብዛኛው ይኸኛው ዓይነት ነው። እርጥብ ሲሆን የቀለም ጨዋታው ይደበዝዛል፣ አካሉ ጄሊ ይመስላል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ለመለየት ጀርባው ላይ በእርጥብ ጣት ይነካል፤ ጣቱን ሳብ ካደረገ ይጠጣል ማለት ነው። ሳበ።

ሁለት ዓይነት ጉዳት አለ። አንደኛው ውሃ ነው፤ መሃሉ ደፍርሷል። ሁለተኛው ጠርዙ ላይ ያለ ቢጫ ወይም ቡናማ ጥላ፤ ቅባት ነው። ቅቤ የተቀባ ፀጉር ላይ ሐብል ሲታሰር፣ ወይም ሽቶ ሲረጭ የሚመጣው ይኸው ነው። ውሃው ይወጣል። ቅባቱ ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ይህ አስቀድሞ ተነግሯል። አሴቶን የሚነክሩ አሉ፤ ቶሎ ስለሚተን ድንጋዩን ሊሰነጥቅ፣ ቆሻሻውንም ወደ ውስጥ ሊገፋ ይችላል፤ አልተሞከረም።

ክፈፉ ተከፍቶ ድንጋዩ ወጣ። የድሮው ሠራተኛ ሥሩን በኤፖክሲ ለጥፎታል፤ ይህ ለኦፓል ክፉ ነው፣ ማጣበቂያውን ድንጋዩ ይጠጣዋል። የቀረው በእንጨት ስንጥር ተፋቀ፤ በቢላዋ አይሞከርም፣ የኦፓል ጥንካሬ በባለ10 ደረጃው መለኪያ ከ6 ብዙ አይበልጥም።

ማድረቅ፦ በጨርቅ ተጠቅልሎ በተከፈተ ሳጥን፣ ከመብራትና ከምድጃ ርቆ። ፀጉር ማድረቂያ፣ የፀሐይ መስኮት፣ ጨው፣ ሲሊካ ጄል አይሆኑም። ላዩ ቶሎ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሲቀር ላዩ ይሸበሸብና የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። በነሐሴ ዝናብ ማድረቁ ይዘገያል፤ ጥር ቢሆን ፈጥኖ ያልቅ ነበር፣ ግን የስንጥቅ አደጋው ይጨምር ነበር።

መቼ ደረቀ የሚለው በዓይን አይታወቅም፤ በሚዛን ነው። ዛሬ 4.31 ካራት።

ነሐሴ 11

ኦፓል 4.12።

አረንጓዴው ቀለበት። ንባቡ 1.577 እና 1.583። ቤሪል ነው፤ ኤመራልድ የሚመደብበት የድንጋይ ዓይነት። በአጉሊ መነጽር ውስጡ የሚካ ቅንጣቶች፣ ፈሳሽና አረፋ የያዙ ትናንሽ ክፍተቶች፣ ላዩ ድረስ የደረሰ አንድ ስንጥቅ በአንድ ማዕዘን። የሃይድሮተርማል (በሙቅ ውሃና በግፊት ያደገ) ሰው ሠራሽ ኤመራልድ ላይ የሚታየው የተሰባበረ ማዕበል መሰል እድገት የለም። የተፈጥሮ ኤመራልድ ነው። ከሻኪሶ ነው ወይስ ከሌላ አገር? ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የጉጂ ኤመራልድ በብዛት ስለወጣ ሰው ቶሎ ይህን ይጠይቃል፤ መነሻን መናገር ግን የላቦራቶሪ መሣሪያ ይጠይቃል፣ ጠረጴዛ ላይ አይባልም። ጋለ ያለ መርፌ ጫፍ ወደ ስንጥቁ ሲጠጋ (ሳይነካ) ስንጥቁ ውስጥ ያለው ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ዘይት ነው።

ስለዚህ እሳት አይጠጋውም። ብዙ ሰው ድንጋዩን በእርጥብ ጥጥ ሸፍኖ ወይም ድንች ውስጥ ወግቶ ይበይዳል። ለኳርትዝ ይሆን ይሆናል። ዘይት ላለበት ኤመራልድ ግን ቁማር ነው፤ የሞቀና የቀዘቀዘ ጎን ባለው ቀለበት ላይ ስንጥቁ ያለበት ማዕዘን ቀድሞ ይሄዳል።

ጥፍሮቹ ወፍራም ስለሆኑ አንዴ መታጠፍ ይችላሉ። ከሥራቸው በቀጭን ብረት ወደ ውጭ ተገፉ፣ ጫፋቸውን በፒንሳ ይዞ መጎተት የለም። ስንጥቁ ያለበት ማዕዘን መጨረሻ ተከፈተ፤ በዚያን ጊዜ ድንጋዩ ነፃ ሆኖ ስለነበር ምንም አልጫነውም።

ነሐሴ 12፣ ማጥበብ

18.1 ሲቀነስ 16.5 ይሆናል 1.6፤ በ3.14 ሲባዛ 5.0 ሚ.ሜ። ይህን ያህል ከሥር ተቆረጠ፣ ማኅተሙ ካለበት ቦታ ራቅ ብሎ። ሁለቱ ጫፎች ብርሃን እስከማያሳልፉ ድረስ ተሞረዱ፤ መበየጃ ወርቅ ክፍተት መሙያ አይደለም፣ ክፍተት ካለ ብየዳው ይታያል፣ ይሰበራልም። ከብየዳ በኋላ ቀለበቱ በመለኪያ ዘንግ ላይ በእንጨት መዶሻ ክብ ሆነ።

ብዙዎች የሚዘነጉት እዚህ ነው። ክቡ ሲጠብ የቀለበቱ አናት ይበልጥ ይጎብጣል፣ ጥፍሮቹም እርስ በርስ ይራራቃሉ። ድንጋዩ ሳይነቀል የተጠበበ ቀለበት ከወር በኋላ «ፈርጡ ይንቀጫቀጫል» ተብሎ የሚመለሰው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ጥፍሮቹ በሁለቱ ጎን 0.2 ሚ.ሜ ያህል ተራርቀው ተገኙ፤ በባዶው ተመልሰው ድንጋዩ በድጋሚ ተለካ። ስንጥቁ ያለበት ማዕዘን ላይ ጥፍሩ ገጹን ብቻ እንዲነካ መቀመጫው ትንሽ ሰፋ፤ ድንጋዩን የሚይዙት ሌሎቹ ሦስት ናቸው።

ዘይት አልጨመርንም። ማን እንደጨመረ ሳይጻፍ ተጨማሪ ዘይት ማድረግ ነገ ድንጋዩን ለሚያይ ሌላ ሰው ማታለል ነው።

ነሐሴ 15

ኦፓል 4.02። ጠርዙ ቢጫ ነው፤ መሃሉ ግን ቀለሙን መልሷል፣ ቀይ ጨምሮ።

አዲሱ ክፈፍ ተሠራ። ንጹሕ ብር፣ 0.3 ሚ.ሜ ውፍረት። የሞላላው ዙሪያ 38 ሚ.ሜ ነው፤ የብሩ ውፍረት ሲታሰብ ጥብጣቡ 38.9 ሚ.ሜ ተቆረጠ። ባለቤቷ የማርያ ቴሬዛ ብር አምጥተው ለክፈፉ እንዲሆን ጠይቀው ነበር። ያ 833 ነው፣ መዳቡ ያጠነክረዋል፤ ለመሠረቱ ይሆናል፣ ለክፈፉ ግን አይሆንም። ጠንካራ ክፈፍ በኃይል ይገፋል፣ ያ ኃይል ኦፓሉ ላይ ያርፋል። ብሩ ለመሠረቱ ተሞረደ፣ ትርፉ ተመለሰ።

የመሠረቱ ጀርባ በ6 × 4 ሚ.ሜ መስኮት ተከፈተ፤ ድንጋዩ ቢረጥብ በሁለት በኩል ይደርቃል። ክፈፉ ከመሠረቱ ጋር ተበይዶ፣ ጸድቶ፣ ደረቅ ሆኖ ተቀመጠ። ድንጋዩ ሳይገባ ማንጠልጠያው ሙሉ በሙሉ ተወለወለ፤ የመወልወያው ቅባታማ ሳሙና ኦፓል ጋር መገናኘት የለበትም።

ነሐሴ 19

3.98። ትናንትም 3.98። ደረቀ።

ክፈፉ በእጅ ብቻ ተገፋ፤ መዶሻ የለም፣ ማጣበቂያ የለም። ከፍታው ከድንጋዩ ቁመት ሲሶ አይበልጥም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሲታጠፍ ይጨማደዳል።

ከጌጦቹ ጋር የሚሄዱ ካርዶች ተጻፉ። ለቀዩ ቀለበት፦ ሰው ሠራሽ ሩቢ፣ 3.06 ካራት። ለጆሮ ጌጦቹ፦ ሰማያዊ ቶፓዝ፣ ሁለቱም፤ የወጣው ስፒኔል በተለየ ወረቀት ተጠቅልሎ ስሙ ተጽፎበት ተመለሰ። ለአምባሩ፦ ጋርኔት፣ አንዱ አዲስ፣ ከመቆለፊያው ወደ ግራ ሦስተኛው። ለአረንጓዴው ቀለበት፦ የተፈጥሮ ኤመራልድ፣ ዘይት ያለው፣ አልትራሶኒክና የእንፋሎት ማጠቢያ አይንካው፣ ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ብቻ። ለኦፓሉ፦ ሲረጥብ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ ፀጉር ቅቤ ከተቀባ በኋላ አይታሰር።